መዝገብ ቤቱ የት ገባ? ከወንጌል ኅዳግ እስከ ጋራ ፎልደር

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እየተባልን ነው ያደግነው። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እንጀራዬ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ማደራጀት ነው፤ በሙያው ሠላሳ ዓመት ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ በጽሑፍ ያለ ሁሉ እንደማይወረስ ነው። የሚወረሰው ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ ሲታወቅ፣ ጠባቂውም ማን እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው። ሌላው በብራና ይጻፍ፣ በወረቀት ይጻፍ፣ በኮምፒውተር ይጻፍ፣ ውሎ አድሮ መጥፋቱ አይቀርም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ፣ ማኅበራችን ቃለ ጉባኤዎቹን፣ የአባላት መዝገቡንና የድሮ ፎቶግራፎቹን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ አንድ የጋራ ፎልደር ሊያዛውር ማሰቡን መስማቴ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሆኖም ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ መምህራኖቻችንም በየትምህርት ክፍላቸው እንዲህ ያለ ፎልደር አላቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስንቶቻችን ነን የምንፈልገውን ሰነድ እዚያ ውስጥ በአምስት ደቂቃ የምናገኘው? ስለዚህ ወደፊት ከመሄዳችን በፊት ወደ ኋላ ዞር ብለን፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሰነድን በጋራ እንዴት ይዘው እንደኖሩ ብናይ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ቄሰ ገበዙና ወንጌሉ

በአገራችን ከምናውቃቸው የቆዩ የጋራ ሰነዶች ብዙዎቹ የሚገኙት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ነገሥታት ለገዳም ወይም ለደብር ጉልት ሲሰጡ ስጦታው ብዙ ጊዜ ለብቻው በተቆረጠ ብራና ላይ አይጻፍም ነበር፤ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ወይም ኅዳግ ላይ ይሰፍራል እንጂ። ዛሬ በኤርትራ ክልል ውስጥ የሚገኘው የሺመዛናው ደብረ ሊባኖስ ገዳም «ወንጌለ ወርቅ» ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ሳይቀር እዚያ ላይ ተመዝግቧል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሰነዶቹን በ1901 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል።

ለምን ወንጌል ላይ? ነገሩን እንደ ሰነድ ባለሙያ ስመለከተው ጥበቡ ያስደንቀኛል። ወንጌል በቤቱ ካሉት መጻሕፍት ሁሉ የተከበረው ነው፤ ቅጠሉን ቀድዶ ለመውሰድ የሚደፍር አይገኝም። መጽሐፉ የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው፤ ለዕቃ ቤቱም ተጠያቂ የሆነ ባለ አደራ አለ። ጽሑፉ ላይ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል፤ ቃሉን የሚያፈርስ፣ ጽሑፉን የሚፍቅ ውግዝ ይሁን የሚል ማሰሪያም ይጨመርበታል። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች «የመግቢያ ፈቃድ»፣ «ማን መቼ እንደነካው የሚያሳይ መዝገብ» እያሉ የሚያስተምሩን ነገር በሙሉ እዚያ አለ። መጽሐፉ የሁሉም ነው፤ ቁልፉ ግን የአንድ ሰው ነው።

ይህ ልማድ እስከ ጎንደር ዘመንና ከዚያም ወዲህ ዘልቋል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መሬት ስጦታና ሽያጭ የጻፈው፣ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ ከተገኙ እንዲህ ካሉ ማስታወሻዎች ተነስቶ ነው። ግለሰቦች እርስ በርስ ያደረጉት የመሬት ሽያጭ ሳይቀር በደብሩ መጽሐፍ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ደብሩ ማለት በዚያን ጊዜ የአካባቢው መዝገብ ቤትም ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ድካምም ነበረው። የትኛው ሰነድ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቅጠል ላይ እንዳለ የሚያውቀው እዚያው ያለው ሰው ብቻ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ጠይቆ ካልሆነ በራሱ አያገኘውም። ይህን ችግር በትልቁ ያቃለለው በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው፤ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በመባል ይታወቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ከየገዳሙና ከየደብሩ ፎቶ ተነሱ፤ አንድ ቅጂ እዚህ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሰጥተው ካታሎጉን አዘጋጁ። ዛሬ በሐምቡርግ ያለ ተመራማሪ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» ቢል፣ ስድስት ኪሎ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖሱን የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። መጽሐፉ ከቦታው ሳይነቃነቅ የጋራ አድራሻ አገኘ። ይህን ያመጣው የፊልሙ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩና ካታሎጉን የጻፉት ሰዎች ናቸው።

ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም

ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ሲመጣ የሰነድ ነገር መልኩን ቀየረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ጽሕፈት ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝነት የቆየ ማዕረግ ነው፤ አሁን ግን በየሚኒስቴሩ የሚጻፈው ደብዳቤ እየበዛ ሄደ። አንድ ጸሐፊ በአእምሮው የሚይዘው መሆኑ ቀረ።

ይህ ክምችት ክፉኛ የተመታው በፋሺስት ወረራ ጊዜ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል፣ ጣሊያንም ገብቶ ያገኘውን ሲያግዝ ብዙ የመንግሥት ወረቀት ጠፋ፣ ተወሰደም። በ1947 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የጣሊያን የሰላም ውል አንቀጽ 37 ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጣሊያን ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የሥነ ጥበብ ሥራ፣ ንዋያተ ቅድሳት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ልብ የማንለው ግን «መዛግብት» የሚለው ቃል ከሐውልቱ ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ መግባቱን ነው። ውሉን ያረቀቁት ሰዎች የአንድ መንግሥት ወረቀት ከቅርሱ እኩል የሚመለስ ሀብት መሆኑን አውቀዋል።

ከነጻነት በኋላ የተሠራውን ሥራ በዚህ ዓይን እንየው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተጀመረ፤ እያንዳንዱ አዋጅ ቁጥርና ዓመት ያዘ። ዛሬም ድረስ ጠበቃው፣ ዳኛውና የወረዳው ጸሐፊ ስለ አንድ ሕግ የሚነጋገሩት በቁጥሩ ነው። በ1936 ዓ.ም. ሁላችንም «ወመዘክር» የምንለው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት ያለው ብሔራዊ ተቋም ሆነ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር»ን አሳተሙ። የመሬት ሥሪቱን፣ ግብሩን፣ የቤተ መንግሥቱን ደንብ፣ ከየቦታው የተለቀመውን ሰነድ በአንድ ጥራዝ አሰባስበው ለተመራማሪ ሁሉ አተረፉ። የታሪክ ተማሪ የነበራችሁ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚያ መጽሐፍ ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ለብቻው የሠራው የጋራ ቤተ መዛግብት ነው ብል አላጋነንኩም።

በዚያው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ «መዝገብ ቤት» የሚባለው ክፍል ሥር ሰደደ። ወጣቶቹ መምህራን ላታውቁት ትችላላችሁና አሠራሩን ላስታውሳችሁ። ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤት ይከፍተዋል፤ የገቢ ማኅተም ይመታበታል፤ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል። በገቢ መዝገቡ ላይ ከማን እንደመጣ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደተመራ ይሰፍራል። ከዚያ ጉዳዩ ከሚመለከተው ፋይል ጋር ተያይዞ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ይፈርማል። መልሱ ሲጻፍ በወጪ መዝገብ ቁጥር ይወጣለታል፤ ቀሪው እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባል። ፋይሉን የወሰደ ሠራተኛ ፈርሞ ነው የሚወስደው። አያችሁት? ከወንጌሉ ኅዳግ ወደ ደብዳቤው ኅዳግ ተሻገርን እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ቦታ፣ ባለ አደራ፣ ምስክር።

ከዚህ አሠራር ጀርባ በሌላውም ዓለም ቀስ እያለ የበሰለ አንድ ሐሳብ አለ። የመጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት የሚደራጀው በርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ሜልቪል ዴዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሥርዮሽ አመዳደብ ይህን ያደርጋል። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ግን እንደዚያ ሲደረግ ይበላሻል። መጽሐፍ ብቻውን ይቆማል፤ ደብዳቤ ግን ካለ መልሱ ትርጉም የለውም። ፈረንሳዮች በ1841 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከሌላው ሳይደባለቅ አንድ ላይ ይቀመጥ አሉ። በ1898 እ.ኤ.አ. ሦስት ሆላንዳውያን ባለሙያዎች ባሳተሙት መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ወረቀቱ ሥራው ሲሠራ በነበረው ቅደም ተከተል ይቆይ የሚለውን አጸኑ። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ አንድ ሰው «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» በሚለው ስም ብቻ ቢፈልግ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ምናምን ዓመታት ወረቀት አይመጣለትም። የሥራውን የዘር ሐረግ የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልገዋል።

መዝገብ ቤትን ገነት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» ያልተባለ ሰው መካከላችን አለ? ቁልፉ አንድ ሰው እጅ በመሆኑ ሰውየው ሻይ ሲወጣ ጉዳይም አብሮ ይወጣል። ባለ ጉዳይ ደጅ ሲጠና ይውላል። ግን አንድ ነገር አለ፤ ፋይሉ ሲጠፋ መጥፋቱ ይታወቃል። ቁጥሩ ተመዝግቧል፣ የወሰደው ፈርሟል። የሚጠየቅ ሰው አለ።

የዚህን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ ያሳየን ያ መራር ታሪካችን ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ከኛው ግቢ ስንት ወጣት እንደወጣ ቀረ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ ክሱን ሲያዘጋጅ፣ ከምስክሮች ቃል ጎን ለጎን የቀረበው ዋና ማስረጃ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ጽፈው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ያስቀመጡት ወረቀት ነበር። ፍርዱ በ1999 ዓ.ም. ሲሰጥ ያ ወረቀት አብሮ መስክሯል። ትእዛዙን የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን በራሳቸው ላይ ይነበባል ብለው አልነበረም። መዝገብ ቤቱ ግን ለማንም ሳያዳላ የመጣውን መዘገበ። ልጁ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ለኖረ ቤተሰብ፣ አንዲት ቁጥር ያላት ወረቀት ምን ማለት እንደሆነች ከእኔ ይልቅ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

የካቢኔው ሥዕል

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ዜሮክስ ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. «ስታር» የሚባለውን ማሽን ሲያወጣ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጠረጴዛ በስክሪን ላይ ሥሎ አመጣ፤ ወረቀት፣ ፎልደር፣ የፋይል ካቢኔ። ዛሬ በየስልካችን የምናየው የፎልደር ምልክት ዘሩ ከዚያ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የኖቬል ኩባንያ ኔትዌር ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ማከማቻ እንዲጋሩ አደረገ። ማይክሮሶፍት በ2001 እ.ኤ.አ. ሼርፖይንትን፣ ጉግል ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ጉግል ድራይቭን አመጡ። እያንዳንዱ እርምጃ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን ሆነን አንድ ሰነድ ላይ አብረን መጻፍ መቻላችን ለትውልዳችን ተአምር ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የካቢኔው ሥዕል መጣ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሥዕል ግን አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ቦታ አልተሰጣትም። ብዙ መሥሪያ ቤትም ኮምፒውተር ሲገዛ «ከእንግዲህ መዝገብ ቤት ምን ያደርግልናል?» አለ። ሥራው ግን አልቀረም፤ ለሁሉም ሠራተኛ ተከፋፈለ። ለሁሉም የተከፋፈለ ሥራ ደግሞ የማንም ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ስም ያወጣል፣ ባሻው ቦታ ያስቀምጣል። «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ 2»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ እውነተኛ»። የትኛው እንደጸደቀ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ባለፈው ዓመት ካናዳ ሄዷል።

ከሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ የሆነውን ላውጋችሁ። መሥሪያ ቤቱ ሕንጻ ሲቀይር የድሮ ወረቀቱን ሁሉ በጊዜያዊ ሠራተኞች ስካን አስደረገ። ማሽኑ ለየምስሉ ራሱ ስም ሰጠ፤ ስካን 0001፣ ስካን 0002 እያለ ሺዎች ደረሰ። የገቢና የወጪ መዝገቦቹ «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» ተብለው መጋዘን ተወረወሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ጡረተኛ መጣ። ጡረታው ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎት አልተያዘለትም፤ በቋሚነት የተቀጠረበትን ደብዳቤ ቀሪ አምጣ ተብሏል። ዓመቱን እንጂ ቀኑን አያስታውስም። ወጣቶቹ ለሳምንታት ምስል እየከፈቱ ፈለጉ። የተነሳው ፎቶ እንጂ ፊደል አይደለምና ኮምፒውተሩ ቃል ሊፈልግላቸው አይችልም። በመጨረሻ ጡረታ ለወጡት የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ስልክ ተደወለ። እሳቸውም «የዚያን ዓመት ወጪ መዝገብ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ እኮ በጉዳይ ዓምድ ላይ በቀይ ነው የምንጽፈው» አሉ። መዝገቡ ከመጋዘን ወጣ። ከቀዩ ጽሑፍ ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ቀኑ፣ ከቀኑ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ የስካኑ ተራ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ አለቀ። ሰውየው የልፋቱን አገኘ። ያ ሁሉ ማሽን ያልፈታውን አንዲት እናት በስልክ ፈቱት።

በዚህ ላይ የኛ የራሳችን የፊደልና የቀን ጣጣ አለ፤ የውጭ አማካሪ መጥቶ የማይነግረን። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው ሥርዓት ባላቸው ፊደሎች ነበር የምንጽፈው። ያንን ፋይል ዛሬ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው የሚታያችሁ፤ መፈለጊያውም አያገኘውም። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያለብን የሚያነብባቸው ማሽን ሳይጠፋ ነው።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ሠራተኛ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሰራተኛ» ተብሎ የተሰየመው ብዙ ጊዜ አይመጣም። «ኃይለ ሥላሴ»ን በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው አስቡት፤ በኃ፣ በሀ፣ በሃ፣ በኀ፣ በሐ፤ ሥላሴውም በሥና በስ። ሦስተኛው የወር ስም ነው። ፎልደሮችን በወር ስም ሰይማችሁ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ሲደረድራቸው ሐምሌ መጀመሪያ ይመጣል፤ መስከረምና መጋቢት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል። አራተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ «የ2009 ሪፖርት» የሚል ፋይል የኛ ይሁን የፈረንጅ ካልተጻፈበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል። አምስተኛዋ ትንሽ ነገር ናት፤ ደብዳቤ ቁጥራችን በእዝባር ነው የሚጻፈው፣ «ገ/ማርያም»ም እንዲሁ። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ትቶ የመጣለትን ስም ይጽፋል። ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው ክር የሚበጠሰው እዚህች ላይ ነው።

ለማኅበራችንና ለየመሥሪያ ቤታችን

ታዲያ ምን ይደረግ? ከታሪኩ የምወስደው ይህ ነው፤ መሣሪያ ይቀየራል፣ ባለ አደራ ግን አብሮ መጣል የለበትም። ቦታ መግዛት ዛሬ ርካሽ ነው። የጎደለን ቦታ አይደለም፤ የሚያስቀምጥና የሚጠየቅ ሰው ነው።

ፎልደሩ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ይከፈት። «የጸሐፊው ፋይሎች» የሚለው ጸሐፊው ሲቀየር ትርጉም ያጣል፤ «ጠቅላላ ጉባኤ»፣ «የአባላት መዋጮ»፣ «የነጻ ትምህርት ዕድል» የሚሉት ግን ማኅበሩ እስካለ ይኖራሉ። የፋይል ስም በዓመት፣ በወርና በቀን አኃዝ ይጀምር፤ ዓመቱ ይቅደም፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ይጨመርበት፤ ከዚያ ጉዳዩ፣ ከዚያ የደብዳቤው ቁጥር በእዝባር ፋንታ በሰረዝ። ያን ጊዜ ሰነዶቹ ራሳቸው በቀን ተራ ይሰለፋሉ። ደጋግመን የምንጠቀምባቸው ቃላት አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ ይወሰን፤ «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ከተባለ ሁላችንም በዚያው እንጻፍ። ስማችንም እንደ አገራችን ልማድ በራስ ስም ተራ ይግባ፤ የአባት ስምን እንደ ፈረንጅ ማስቀደም አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።

ረቂቅና የጸደቀ ሰነድ አንድ ቦታ አይደሩ። የጸደቀውን ሁሉም ያንብበው፤ የሚለውጠው ግን ባለ አደራው ብቻ ይሁን። ምን ለስንት ዓመት እንደሚቆይ አስቀድመን እንወስን፤ የምሳ ግብዣ ዋጋ ማቅረቢያና ቃለ ጉባኤ እኩል ዕድሜ አያስፈልጋቸውም። አንድ ቅጂ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ይኑር፤ የወረራው ዘመን ያስተማረን ይህንን ነው። ከሁሉም በላይ ግን መዝገብ ይኑር። ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳይ፣ ያስገባው ሰው፣ የተቀመጠበት ቦታ።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። የፈተና ውጤት፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ፣ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በግል ኢሜይልና በግል ላፕቶፕ ውስጥ ሲቆይ፣ መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ትምህርት ክፍሉም አብሮ ጡረታ ይወጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ ተማሪያችሁ ከባሕር ማዶ የኮርስ ዝርዝር ሲጠየቅ የሚያገኘው እናንተ ዛሬ ያስቀመጣችሁትን ነው።

ማኅበራችን በጉባኤው ላይ በጀት ሲያጸድቅ ስንት ጊጋባይት እንግዛ ከማለታችን በፊት ባለ አደራው ማን ነው፣ ተተኪውስ ማን ነው ብለን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለቱም ስሞች በቃለ ጉባኤ ይያዙ። ለመጀመሪያው ዓመት መዝገቡን ያለ ክፍያ ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ለሚተካኝም አስረክቤ እፈርማለሁ።

እናንተም ለጉባኤው ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። ቤታችሁ ያለውን የድሮ ፎቶግራፍ፣ የተማሪዎች መጽሔት፣ የበዓል ፕሮግራም ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ግን አደራ፣ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ዓመቱንና ከግራ ወደ ቀኝ የሰዎቹን ስም ጻፉበት። እነዚያን ፊቶች በስም የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት ፎቶ፣ የትኛውም ፎልደር ውስጥ ቢገባ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የማናውቃቸው ወጣቶች ፎቶ ከመሆን አይዘልም።